መግለጫውን ከውስጥ ሆነው የሚሰሙት ሰዎች፦ ዋኮ፣ 1993

እሑድ ጠዋት ነው፤ ፌብሩዋሪ 28፣ 1993። ቀኖቹን በሙሉ በፈረንጅ፣ ሰዓቱን ግን በእኛ ነው የምጽፈው፤ በእኛ የካቲት 21፣ 1985 መሆኑ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ከዋኮ ከተማ ወጣ ባለ የገጠር መንገድ ላይ የአካባቢው ቴሌቪዥን ጣቢያ ካሜራማን መንገድ ጠፍቶበት ቆሟል። አንድ ፖስታ አዳይ ያየውና ይቆምለታል። ወሬ ወሬን ይስባል። ካሜራማኑ ዛሬ እዚህ አካባቢ ትልቅ የፖሊስ ዘመቻ እንዳለ፣ ተኩስም ሊኖር እንደሚችል ይነግረዋል። ፖስታ አዳዩ ተሰናብቶት ቀጥታ የነዳው ሊወረር ወደነበረው ግቢ ነው። ለካ የቡድኑ አባል ነበር። እህቱም የመሪው ሚስት ናት።

ዳላስ የምትኖሩ ዋኮን ታውቋታላችሁ። ወደ ኦስቲን ስትነዱ በአይ-35 መሃል ላይ የምትገኘው፣ ቡና ለመግዛትና ቤንዚን ለመቅዳት የምንቆምባት ከተማ ናት። ብራንች ዴቪድያን የሚባል የሃይማኖት ቡድን የሚኖርበት፣ ማውንት ካርሜል የሚባለው ያ ግቢ ከከተማው 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። እኔ ለብዙ ዓመት ሳልዞር አልፌዋለሁ። ድሮ አገር ቤት ሪፖርተር ስለነበርኩና ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ «ምርመራ ላይ ነው፣ አስተያየት የለንም» የምትለዋን ዐረፍተ ነገር ቆጥሬ ስለማልጨርሳት፣ በመንግሥት ወኪሎች ወረራ ተጀምሮ፣ ከ51 ቀን ከበባ በኋላ በእሳት ያለቀውን የዋኮን ነገር ሳነብ ከታንኩና ከእሳቱ ይልቅ የሚይዘኝ ሌላ ነገር ነው። ጋዜጠኛ ጠየቀ፣ ፖሊስ ምን መለሰ? በዚያ መልስ ምክንያትስ ምን ሆነ? ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሰዎቹን እናስተዋውቅ። ብራንች ዴቪድያን የሚባሉት ከሰባተኛ ቀን አድቬንቲስት ከተገነጠለ ቡድን የወጡ ናቸው። ቪክቶር ሁቴፍ የሚባል ሰው በ1930ዎቹ ተለይቶ ዋኮ አጠገብ ሰፈረ፤ እሱ ሲሞት ተከታዮቹ ተከፋፈሉ። በ1980ዎቹ ቬርነን ሀዌል የሚባል የሂውስተን ልጅ መጣ፤ ጊታር ይጫወታል፣ መጽሐፍ ቅዱስን በቃሉ ያወርደዋል። በ1990 ስሙን ቀየረና ዴቪድ ኮሬሽ ተባለ። ዴቪድ ያው ዳዊት ነው። ኮሬሽ በእብራይስጥ ቂሮስ ነው፣ ኢሳይያስ 45 ላይ «ቀኝ እጁን የያዝሁት» የተባለለት የፋርስ ንጉሥ። ራሱን በዮሐንስ ራእይ ላይ ያሉትን ሰባቱን ማኅተሞች የሚፈታ ሰው አድርጎ ያይ ነበር።

ክሱ ቀላል አልነበረም። ብዙ «ሚስቶች» እንዳሉት፣ ከእነሱም ውስጥ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆች እንዳሉ ከቡድኑ የወጡ ሰዎች ይናገሩ ነበር። ሕፃናት ይደበደባሉ ይባላል። ጠመንጃዎችን ወደ አውቶማቲክ ይቀይራሉም ይባላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ። ዘመቻውን ያካሄደው ኤ.ቲ.ኤፍ፣ ማለትም የአልኮል፣ የትምባሆና የጦር መሣሪያ ቢሮ፣ በዚህ ጉዳይ ሥልጣኑ መሣሪያው ላይ ብቻ ነበር። የልጆች ጉዳይ የቴክሳስ ግዛት ሥራ ነው። የግዛቱ የሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ1992 ሄዶ አይቶ፣ በቂ ማስረጃ አላገኘሁም ብሎ ፋይሉን ዘግቶታል። ሃይማኖቱ ደግሞ የማንም መሥሪያ ቤት ሥልጣን አይደለም።

ጋዜጣው «ቆይ» ሲባል

ዋኮ ትሪቢዩን ሄራልድ የሚባለው የከተማው ጋዜጣ ለወራት ስለ ኮሬሽ ሲያጣራ ቆይቶ ሰባት ክፍል ያለው ዘገባ አዘጋጅቷል። ርዕሱ «ኃጢአተኛው መሲሕ»። የኤ.ቲ.ኤፍ ሰዎች ይህን ያውቃሉ። በፌብሩዋሪ መጀመሪያ አዘጋጆቹን አግኝተው እባካችሁ አዘግዩት አሉ። ምክንያቱ ይገባል፤ ዘገባው ከወጣ ግቢው ውስጥ ያሉት ሰዎች ይነቃሉ፣ የመሣሪያ ብርበራውም ይበላሻል። ጋዜጣው ቃል አልሰጠም። ሕዝቡ ማወቅ አለበት፣ በዚያ ላይ ባለሥልጣናት እስካሁን ምን ይጠብቃሉ የሚል ጥያቄ ራሱ የዘገባው ዋና ነገር ነበር።

እኔ በዚህ ላይ ጋዜጣውን መውቀስ ይከብደኛል። ወሩን ሙሉ «አዘግዩ» እየተባለ፣ እስከ መቼ ተብሎ ሲጠየቅ ቁርጥ ያለ መልስ የማይሰጥ አካል ጋር ድርድር አይባልም። ሪፖርተር ሆኜ ያስተዋልኩት ይኼው ነው። ፖሊስ ሲለምን ቀን አይሰጥም፣ ቀን ካልሰጠ ደግሞ ልመናው «አትጻፍ» ማለት ነው። ለማንኛውም ጋዜጣው ቅዳሜ ፌብሩዋሪ 27 የመጀመሪያውን ክፍል አወጣ። ለሰኞ ማርች 1 ታስቦ የነበረው ወረራም ወደ እሑድ ተሳበ። የዘመቻው የምስጢር መጠሪያ ምን ነበር ብትሉ፣ «ሾው ታይም»፣ የትርኢት ሰዓት ማለት ነው። እውነቴን ነው።

ስለ ሾው ካነሳን አይቀር፣ በዚያው ቅዳሜ የኤ.ቲ.ኤፍ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ዳላስ ያሉ አንዳንድ ጣቢያዎች ጋ ደውላ የቅዳሜና እሑድ ተረኛ ስልክ ቁጥራቸውን ጠይቃለች። ለምን እንደሆነ አልነገረቻቸውም። ግን የዜና ክፍል ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ስልክ ሲሰማ ምን እንደሚያስብ ንገሩኝ። መንግሥት ቅዳሜ ቀን ደውሎ ነገ ማን ተረኛ ነው ካለ፣ ነገ የሆነ ነገር አለ። ይህች ስልክ ለወረራው መበላሸት ምክንያት አልሆነችም። ግን አስተሳሰባቸውን ታሳያለች። ከወረራው በኋላ ምን እንደሚባል በደንብ ታስቦበት ነበር፤ ሳይሳካ ቢቀር ምን እንደሚባል ግን ያሰበ የለም።

የዋኮው ቴሌቪዥን ጣቢያ ደግሞ ወሬውን በሌላ በኩል አገኘው። ለዘመቻው አምቡላንስ ተጠይቆ ነበርና፣ ከአምቡላንስ ድርጅት የሚሠራ ሰው ለጣቢያው ባልደረባ ሹክ አለው። መንገድ የጠፋበት ካሜራማን እንዲህ ነው የመጣው።

ግቢው ውስጥ በዚያ ጠዋት ሮበርት ሮድሪጌዝ የሚባል የኤ.ቲ.ኤፍ ሰላይ ከኮሬሽ ጋር መጽሐፍ ቅዱስ እያጠና ተቀምጧል። ኮሬሽ ስልክ አለህ ተብሎ ተጠራ። ስልኩ ሰበብ ነበር፤ የፖስታ አዳዩ መልእክት ነው የደረሰው። ሲመለስ እጁ ይንቀጠቀጣል። በመስኮት ወደ ውጭ እያየ «እየመጡ ነው ሮበርት፣ ጊዜው ደርሷል» አለው። ሮድሪጌዝ እንደምንም ብሎ ወጣና ለአለቆቹ አውቀዋል ብሎ ነገራቸው። አለቆቹ የዘመቻው መሠረት ድንገተኛነት መሆኑን እያወቁ፣ እንግዲያው እንፍጠን አሉ። 76 ያህል ወኪሎች በሁለት የከብት መጫኛ ተጎታች ታጭቀው ጠዋት 4 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ደረሱ። አራት ወኪሎች ተገደሉ፣ ብዙዎች ቆሰሉ፤ ከቡድኑ በኩልም በዚያ ቀን ስድስት ሰዎች ሞቱ።

ማን ነገራቸው?

አራት ባልደረቦቹን ያጣ መሥሪያ ቤት ፊት የመጀመሪያው የጋዜጠኛ ጥያቄ ግልጽ ነበር። ሰዎቹ እንደምትመጡ ያውቁ ነበር ወይ?

መልሱ በቢሮው ውስጥ ነበር። ሮድሪጌዝ ያውቃል፣ ሁለቱ አዛዦች ያውቃሉ፣ ከተጎታቹ የወረዱት ወኪሎችም «ፍጠኑ፣ አውቀዋል» ሲባል የሰሙ አሉ። ወደ ሕዝብ የወጣው ግን ሌላ ነው፦ ድንገተኛነቱ እንደተነካ ብናውቅ ኖሮ አንሄድም ነበር። የቢሮው ዳይሬክተር ስቲቨን ሂጊንስ ራሳቸው በብሔራዊ ቴሌቪዥን ቀርበው ይህንን አሉ። ዋሽተዋል ለማለት አይደለም። ከበታች የመጣላቸውን ደገሙ። ሮድሪጌዝን ጠርቶ ቁጭ አድርጎ ምን ነገርካቸው ያለ አለቃ ግን አልነበረም። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ ጥያቄው ከጋዜጠኛ ስለመጣ እንደ ጥቃት ታየና የሚመለስበት መንገድ እንጂ የሚጣራበት መንገድ አልተፈለገም።

በሴፕቴምበር 1993 ኤ.ቲ.ኤፍ ያኔ በሥሩ የነበረው የግምጃ ቤት መሥሪያ ቤት የራሱን ምርመራ አወጣ። አዛዦቹ ድንገተኛነቱ እንደጠፋ ሰምተው ነበር፤ በኋላ የተናገሩት አሳሳች ነው፤ ይባስ ብሎ የዘመቻው እቅድ ወረቀት ከወረራው በኋላ ተነካክቶ ነበር። ሮድሪጌዝ በ1995 ኮንግረስ ፊት ሲመሰክር እንባ እየተናነቀው አለቆቹ ሕዝቡን እንደዋሹ ተናገረ። ሁለቱ አዛዦች ተባረሩ፤ ብዙም ሳይቆይ ዝቅ ባለ ቦታ ተመለሱ።

እስከዚያው ግን አንድ ሰው ጥፋተኛ መሆን ነበረበትና ጣቱ ወደ ጋዜጠኛው ዞረ። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ያናድደኛል። ከዋኮው ጣቢያ ተኩሱ መሃል የተገኘ አንድ ሪፖርተር ነበር። ጥይት እየወረደ ወደ መኪናው ሮጦ አምቡላንስ እንዲጠራ ያደረገው፣ በዜና መኪናው ደግሞ የቆሰሉ ወኪሎችን የጫነው እሱ ነው። በማግስቱና በሰልስቱ በቴሌቪዥን ምን ተባለ? የአካባቢው ጋዜጠኞች ቀድመው ደርሰው ዛፍ ላይ ተደብቀው ነበር፣ ምስጢሩን ያወጡት እነሱ ሳይሆኑ አይቀሩም የሚል ወሬ። ይህን ያናፈሱት ደግሞ የራሱ የሙያ ባልደረቦች ናቸው፣ ምንጫቸውም ከወኪሎች ሰማን የሚል። ሰውየው ስም ማጥፋት ብሎ ከሰሰ፤ ነገሩ እስከ ቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ1998 አንተ በዚህ ጉዳይ የአደባባይ ሰው ሆነሃል ተብሎ ተሸነፈ።

እውነት ነው፣ ካሜራማኑ አፉን ባይከፍት ይሻል ነበር። የእኛ ሰው የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላል። ግን ወለምታው ከተሰማ በኋላ፣ ሰላዩ ወጥቶ ከተናገረ በኋላ፣ ተጎታቹ ገና ከመነሳቱ በፊት ለማቆም ጊዜ ነበር።

51 ቀን፣ በየጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል

ወረራው ከሸፈ በኋላ ግቢው ተከበበ፤ ማርች 1 ላይ ከበባውን የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ፣ ኤፍ.ቢ.አይ፣ ተረከበ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ጋዜጠኞች ዋኮ ገቡ። ከግቢው ኪሎ ሜትሮች ርቀው እንዲቆሙ ተደረገ። ሜዳው ላይ የሳተላይት ሳህን የጫኑ መኪኖች ተደርድረው ሌላ ሰፈር ሆነ፤ «ሳተላይት ሲቲ» አሉት። ከዚያ ርቀት በረጅም ሌንስ የሚታየው የሚወዛወዝ ሙቀት፣ ሣርና አንድ የእንጨት ቤት ነው። ሌላው ሁሉ የሚሰማው በከተማው የስብሰባ አዳራሽ በየጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ከሚሰጠው መግለጫ ነው። መድረኩ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ቦብ ሪክስ ነው፣ የኦክላሆማ ሲቲ ቢሮ ኃላፊ። የከበባው አዛዥ ጄፍ ጀማር አልፎ አልፎ ይመጣል።

ከወረራው ዕለት ማታ ጀምሮ ኮሬሽ ራሱ በስልክ ለሲ.ኤን.ኤን ተናግሮ ነበር። የዳላሱ ኬ.አር.ኤል.ዲ ሬዲዮም አነጋግሮታል። ሬዲዮኑ ጭራሽ የድርድሩ አካል ሆነ፦ የኮሬሽ መልእክት በአየር ላይ ሲነበብ ልጆች ሁለት ሁለት እየሆኑ ይወጣሉ። ማርች 2 ደግሞ የ58 ደቂቃ ስብከት ቀድቶ ላከ። በአገር አቀፍ ደረጃ ከተላለፈልኝ ሁላችንም እንወጣለን አለ። ተላለፈ። አውቶቡሱ ቀርቦ፣ አምቡላንሱ ቆሞ፣ ሁሉም በር በሩን ሲያይ ዋለ። ማታ ላይ እግዚአብሔር ቆይ ብሎኛል አለ።

በእነዚያ የመጀመሪያ ቀናት ስልኩም ተቆረጠ። ከግቢው መደወል የሚቻለው ለኤፍ.ቢ.አይ ብቻ ሆነ። እውነቱን ለመናገር እኔም አዛዥ ብሆን እቆርጠው ነበር። አንድ ታጋች ያዥ በአንድ ጆሮው ተደራዳሪ በሌላው ጆሮው የማለዳ ትርኢት አቅራቢ እያዳመጠ ድርድር አይሄድም፤ የትኛውም የፖሊስ ተደራዳሪ ይህን ይነግርሃል። ግን ስልኩን ስትቆርጥ አንድ ኃላፊነት ትሸከማለህ። ከእንግዲህ የእነሱን ነገር የሚናገረው አንተ ብቻ ነህ።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ውስጥ ያሉት ሰዎች ሬዲዮ ነበራቸው። የጠዋቱን መግለጫ በየቀኑ ይሰሙ ነበር። ኤፍ.ቢ.አይም እንደሚሰሙ ያውቅ ነበር።

እስቲ አስቡት። ማታ ተደራዳሪው በስልክ በለሰለሰ ድምፅ፣ እናከብራችኋለን፣ የምታምኑትን ሊገባን እንፈልጋለን እያለ ሰዓታት ያወራል። ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሌላው ባልደረባው ማይክ ይዞ ኮሬሽ እየቀለደብን ነው፣ ጊዜ መግዣ ነው፣ የሚናገረው ሁሉ ማደናገሪያ ነው ይላል። ጋዜጠኛው ይጽፋል። ውስጥ ያሉት ደግሞ በትንሿ ሬዲዮ ዙሪያ ተሰብስበው ያዳምጣሉ። ከሰዓት በኋላ ተደራዳሪው ሲደውል መጀመሪያ የሚሰማው ቅሬታ ነው፦ ጠዋት ስለ እኛ ምን አላችሁ? ከዚያ ላይ ሌሊቱን ከባድ መብራት ይበራል፣ በድምፅ ማጉያ የቲቤት መነኮሳት ዜማ ይለቀቃል። ሦስት አፍ ያለው መንግሥት ሆነ። ተደራዳሪዎቹና ታክቲካል የሚባለው የታጠቀው ቡድን እርስ በርስ እንደማይስማሙ በኋላ በመንግሥት ሪፖርት ራሱ ተጽፏል።

መግለጫው ሁለት አድማጭ ነበረው ማለት ነው፣ አዳራሹ ውስጥ ያለውና ግቢው ውስጥ ያለው። ቃል አቀባዩ የፊት ለፊቱን አየ። የፊት ለፊቱ ጋዜጠኛ ደግሞ ሰልችቶታል፣ ዜና የለም፣ በየቀኑ «ኮሬሽ ዛሬ ምን አለ» ብሎ ይጠይቃል፤ የሰለቸ ጋዜጠኛ ፊት ደግሞ ሰው ቀልድና ተረብ ይቀናዋል። እኔ ራሴ በሪፖርተርነት ዘመኔ ቃል አቀባይ ሲያሾፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ጥሩ ጥቅስ ይሆናልና።

ማርች ላይ ከግቢው መስኮት አንሶላ ተሰቀለ። ጽሑፉ፦ «እግዚአብሔር ይርዳን፣ ጋዜጠኞች እንፈልጋለን»። በረጅም ሌንስ ተነሳና በዓለም ሁሉ ታየ። ጋዜጠኛ ለማናገር አንሶላ ላይ መጻፍ! አንድ የዳላስ ሬዲዮ አቅራቢ ደግሞ የምትሰሙኝ ከሆነ የሳተላይት ሳህናችሁን አዙሩ አላቸው። አዞሩት።

ሌላም አለ። ተከታዮቹና ልጆቹ በካሜራ ፊት ስለራሳቸው የሚናገሩበት ቪዲዮ ከውስጥ ተቀድቶ ለኤፍ.ቢ.አይ ተልኮ ነበር። ጋዜጠኞች አላዩትም። በኋላ ከወጡት ሰነዶች እንደታየው አንዱ ስጋት ቪዲዮው ከተላለፈ ሕዝቡ ያዝንላቸዋል የሚል ነበር። ቪዲዮውን ዛሬ ያየ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል፤ ሻይ ጋብዘው የሚያናግሩህ ዓይነት ሰዎች ናቸው። ጥቁሮች አሉ፣ እንግሊዞች አሉ፣ አውስትራሊያውያን አሉ፣ ሃርቫርድ የተማረ ጠበቃ ሳይቀር አለ። «አክራሪ» የሚለው ቃል ፊት ሲኖረው ይቀንሳል። ሕዝቡ ያዝንላቸዋል ብሎ መፍራት ግን የፖሊስ ሥራ ነው ወይ? ብርበራው ስለ መሣሪያ ነበር እኮ።

ቃሉን እናውራ

መግለጫዎቹ ላይ «ካልት» የሚለው ቃል እንደ ጨው ተነሰነሰ። እኛ አማርኛ ላይ ይህን ስንተረጉም ይጨንቀናል። ኑፋቄ ብንል የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ነው፤ መናፍቅ ብንል ጎረቤት ያጣላል፤ ስለዚህ ብዙዎቻችን «ካልት» ብለን እንደወረደ እንተወዋለን። አንድ የደብር አስተዳዳሪ ኑፋቄ ቢል ሥራው ነው። ባጅ ያደረገ ሰው ሲለው ግን ዶግማ መዳኘት ጀመረ ማለት ነው። ያንን ቃል ውስጥ ሆኖ በሬዲዮ የሚሰማው ሰው «እነዚህ የመጡት ለጠመንጃው ሳይሆን ለእምነቴ ነው» ቢል በምን ትመልሰዋለህ? ኮሬሽ ለዓመታት የሰበከው ይህንኑ ነበር፤ ባቢሎን ትመጣብናለች ብሎ። መግለጫው የስብከቱ ማስረጃ ሆነለት።

ሌላ መንገድ እንደነበር ደግሞ እዚያው አገር ማስረጃ አለ። በ1987 ኮሬሽና ጥቂት ሰዎቹ በግቢው ይዞታ ከተቀናቃኛቸው ጋር ተታኩሰው ነበር። የማክሌናን ካውንቲ ሸሪፍ ሰዎች ጠሩት፣ እጅ ሰጠ፣ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ባልደረቦቹ ነፃ ወጡ፣ በእሱ ላይ ዳኞቹ ሳይስማሙ ቀሩ። አለቀ። ሸሪፍ ጃክ ሃርዌል ስለ ሰባቱ ማኅተሞች አስተያየት አልሰጠም። ከበባው ሲደርስ ውስጥ ያሉት ሰዎች እናምነዋለን ካሏቸው ጥቂት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር፤ ድርድሩ ላይም ገባ።

የመጨረሻው ሳምንት

ሁለት የመጽሐፍ ቅዱስ ምሁራን፣ ጄምስ ታቦርና ፊሊፕ አርኖልድ፣ በሬዲዮ ቀርበው ስለ ራእይ መጽሐፍ ተነጋገሩ። እናንተ ራሳችሁ መጽሐፉን አንብቡት፣ ትንሽ ቆዩ የሚል ክፍል አለው የሚል ዓይነት ነገር ነው። ለምን በሬዲዮ? ሌላ መንገድ ስላልነበረ። ኮሬሽ ሰማቸው። ኤፕሪል 14 በጠበቃው በኩል ደብዳቤ ላከ፦ የሰባቱን ማኅተሞች ትርጉም ጽፌ ልጨርስ፣ ለእነዚህ ሰዎች ይድረስልኝ፣ ከዚያ እወጣለሁ።

መግለጫው ላይ መልሱ ያው ነበር። ሌላ ማዘግያ ነው። ለነገሩ ማርች 2ን ያየ ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ግን መጠራጠር ሌላ፣ በሬዲዮ እየሰማህ መሆኑን እያወቁ በአደባባይ ማሾፍ ሌላ።

ኤፕሪል 19፣ ሰኞ። በእኛ የፋሲካ ማግስት ነበር፣ እኛ ቤት ዶሮው ገና አላለቀም። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ታንክ መሰል መኪኖች የቤቱን ግድግዳ እየቀደዱ አስለቃሽ ጭስ ማስገባት ጀመሩ። ከቀኑ 6 ሰዓት አለፍ ሲል እሳት ተነሳ። በዚያ ነፋስ የእንጨት ቤት ምን ያህል ይቆያል! ከ70 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ከእነሱም ውስጥ ብዙ ሕፃናት ነበሩ። ዘጠኝ ሰው ብቻ ከእሳቱ ወጣ።

በዚያው ቀን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጃኔት ሬኖ ከአንዱ ቴሌቪዥን ወደ ሌላው እየሄዱ ኃላፊነቱ የእኔ ነው አሉ። ይህ በሕዝብ ዘንድ አስወደዳቸው፤ ሹመኛ እኔ ነኝ ሲል መስማት ብርቅ ነውና። ግን ለምን ዛሬ ተብለው ሲጠየቁ፣ ሕፃናት እየተደበደቡ እንደሆነ መረጃ ነበረን አሉ። የኤፍ.ቢ.አይ ዳይሬክተር ዊልያም ሴሽንስ ደግሞ በከበባው ጊዜ እንዲህ ያለ ማስረጃ አልነበረንም አሉ። በኋላ የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ሬኖ የሰሙትን በስህተት ተረድተው ነው አለ። ያንን ቀን «አላውቅም፣ ነገ አጣርቼ እነግራችኋለሁ» ማለት ይቻል ነበር። በቀጥታ ስርጭት ላይ ግን ይህን የሚል አይገኝም።

ስድስት ዓመት ቆይቶ

ለስድስት ዓመት ጋዜጠኛ በጠየቀ ቁጥር፣ ኮንግረስም በጠየቀ ጊዜ፣ መልሱ አንድ ነበር። በዚያ ቀን እሳት ሊያስነሳ የሚችል ምንም ነገር አልተኮስንም። በኦገስት 1999 ዳላስ ሞርኒንግ ኒውስ ጋዜጣ ተኩሳችኋል ብሎ አወጣ፤ ኤፍ.ቢ.አይም አመነ። በዚያ ጠዋት በሙቀት የሚሠሩ ጥቂት የጭስ ቀለሃዎች ተተኩሰው ነበር።

የሚያስቀው፣ ማለቴ የሚያስለቅሰው፣ ቀለሃዎቹ እሳቱን አለማስነሳታቸው ነው። የተተኮሱት እሳቱ ከመነሳቱ አራት ሰዓት ገደማ ቀድሞ፣ ከቤቱ ራቅ ወዳለ የኮንክሪት ጉድጓድ ነው። በ1993 ቢነገር የአንድ ቀን ዜና ሆኖ በማግስቱ የሚረሳ ነገር! በዚያው በኦገስት 1999 ታይም መጽሔት ባስጠናው አስተያየት 61 በመቶው እሳቱን ያስነሳው መንግሥት ነው ብሎ አመነ። ሬኖ የቀድሞውን ሴናተር ጆን ዳንፎርዝን መርማሪ አድርገው ሾሙ። ዳንፎርዝ አሥራ አራት ወር ያህል አጣርተው በኖቬምበር 2000 ዘገቡ፦ ወኪሎቹ እሳት አላስነሱም፣ ሰው ላይም አልተኮሱም፣ እሳቱን ያስነሱት ውስጥ ያሉት ናቸው። የቀለሃውን ነገር መደበቃቸው ግን ጥፋት ነው። ያኔ ማን ይስማ?

ያልጠበቁት ሰሚም ነበር። በማርች 1993 ሳተላይት ሲቲ አካባቢ አንድ ወጣት በመኪናው ኮፈን ላይ ተቀምጦ ፀረ መንግሥት ተለጣፊ ጽሑፎችን ይሸጥ ነበር። አንዲት የጋዜጠኝነት ተማሪ አነጋግራዋለች። ቲሞቲ ማክቬይ ይባላል። ከእሳቱ ልክ በሁለተኛው ዓመት፣ ኤፕሪል 19፣ 1995፣ ኦክላሆማ ሲቲ ላይ 168 ሰው ገደለ። የሪክስ ቢሮ የነበረባት ከተማ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ከእሳቱ ከወጡት ዘጠኝ ሰዎች አንዷ የኮምፒውተር ዲስክ ይዛ ነበር የወጣችው። ዲስኩ ላይ ኮሬሽ እየጻፍኩ ነው ያለው ነገር አለ፣ የመግቢያ ግጥምና የመጀመሪያው ማኅተም ትርጉም፣ ተጽፎ ያለቀ።